ኮርሱን ጀመርኩ፣ እናቴን ግን ገና አልጠየቅኳትም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ዘር ሀረግ ነው፣ ምን እንደነካን አላውቅም። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ጥያቄው የብዙ ሰው ነው።

«ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ 43 ዓመቴ ነው፣ የማታ ሺፍት ነርስ ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ፋሚሊ ትሪ ሥሩ ተብሎ መጣና ከአያቴ በላይ አንድ ስም መጥራት አቃተኝ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ከዛ በራስ ጊዜ የሚወሰድ የቤተሰብ ታሪክ ኮርስ ኦንላይን ጀመርኩ፣ በነጻ፣ ሁለት ሳምንት ጥሩ ሄድኩና ቆምኩ። አሁን ካቆሙበት ይቀጥሉ እያሉ ኢሜይል ይልኩልኛል። ትምህርቱ ስለ ላስት ኔም፣ ስለ ሴንሰስ፣ ስለ ቤተክርስቲያን መዝገብ ነው፣ እኛ ጋ ይሄ የት አለ? የኔ ላስት ኔም የአያቴ ስም ነው፣ የታላቅ ወንድሜ ደግሞ የአባታችን፣ ወረቀት ላይ ወንድምና እህት አንመስልም። እናቴ አብራኝ ነች። ፓስፖርቷ ላይ ልደቷ ጃንዋሪ 1፣ 1943 ይላል፣ ውሸት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ የምትለው "ንጉሡ በገቡበት ዓመት ተወለድኩ፣ ዘመኑ ማርቆስ ነበር፣ ለኅዳር ሚካኤል ክርስትና ተነሳሁ" ነው። ኮርሱን ልቀጥል ወይስ ጊዜዬን አላባክን? ከፍዬ የተሻለ ልውሰድ?»
የማታዋ ነርስ

የኔ እህት፣ መጀመሪያ አትፈሪ። አያቱን ጠርቶ ሦስተኛው ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ነው፣ ሰባት ቤት ቁጠር ሲባል በልጅነቱ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወጣው የነበረው ትውልድ ዛሬ በሰማኒያና በዘጠና ዕድሜ ላይ ነው ያለው፣ እሱም ካለ። አንዷ ደግሞ ቤትሽ ውስጥ ናት። ስለዚህ መልሴን ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ ኮርሱን ቀጥይ፣ ግን እስክትጨርሺ እናትሽን ሳትጠይቂ እንዳትቆዪ። ኮርሱ በሚመጣው ዓመትም እዛው ነው። የእናትሽን ነገር ግን እኔም አንቺም አናውቅም።

በራስ ጊዜ የሚባለው ትምህርት ጥሩነቱም መጥፎነቱም እዛው ስሙ ላይ ነው። ቀን የለው፣ ፈተና የለው፣ የሚቆጣ አስተማሪ የለው፣ ከማታ ሺፍት የገባ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚተወው የማይቆጣውን ነው። እኔ ራሴ አንዱን ኮርስ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቻለሁ። አራተኛው ላይ የሠራልኝ ነገር አንድ ትምህርት ካየሁ በኋላ ያንን ነገር በራሴ ቤተሰብ ላይ እስክሞክረው ሁለተኛውን አለመክፈት ነው። ቃለ መጠይቅ ስለማድረግ ካየሽ በዛው ሳምንት እናትሽን ሃያ ደቂቃ አናግሪ፣ ስለ ፎቶ አያያዝ ካየሽ ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ፎቶ አውጪና ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በስልክሽ አንሺው። እንደዛ ስታደርጊ ኮርሱ ራሱ ይጎትትሻል፣ ምክንያቱም ጥያቄ ይዘሽ ነው የምትመለሺው።

ሁሉንም ትምህርት ማየትም ግዴታ አይደለም፣ ማን ይቆጣሻል? የእንግሊዝ የደብር መዝገብ፣ የቤተሰብ አርማ፣ የድሮ የላቲን እጅ ጽሑፍ ምናምን የሚለውን ዝለዪው። የሚዘለለው ነገር ብዙ የሆነው ኮርሶቹ የተሠሩት መንግሥትም ቤተክርስቲያንም ለመቶዎች ዓመታት ስም ሲመዘግብ ለኖረበት አገር ስለሆነ ነው። እኛ ጋ (ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው) የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት መዝገብ ጽፎ ነበር ግን ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ፣ የምዝገባው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ነው፣ ልደትና ሞት በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ደግሞ በ2008 መጨረሻ ላይ። የሕዝብ ቆጠራም በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ሦስት ጊዜ ነው የተካሄደው፣ የሚታተመውም ድምሩ ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም። ስለዚህ ሴንሰስ ውስጥ አያትሽን ልትፈልጊ ከሆነ አትድከሚ።

የማይዘለለው ክፍል ማስረጃ እንዴት ይመዘናል የሚለው ነው። ይሄ ለኛ ከማንም በላይ ይሠራል፣ እናትሽ ያለችውን ይዘን እንየው። የትምህርቱ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄን የነገረኝ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል ወይ ነው። ስለ ራሷ ልደት እናትሽ የዓይን ምስክር አይደለችም እኮ! እንደዛ ሲባል ደንግጬ ነበር ግን እውነት ነው፣ እሷም የሰማችውን ነው የምትነግርሽ፣ ከእናቷ ወይ ከክርስትና እናቷ። ሁለተኛው ጥያቄ የነገረችኝ ነገሮች እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ ነው። ንጉሡ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27፣ 1933 ነው። ዘመኑ ማርቆስ ነው ወይ? ለዚህ የድሮ ሰዎች ሂሳብ አለ፣ በዓመቱ ላይ 5500 ትደምሪና ለአራት ታካፍያለሽ፣ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1933 ላይ 5500 ሲደመር 7433፣ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፣ ማቴዎስ። ማርቆስ 1934 ነው። ስለዚህ እናትሽ ተሳስታለች ማለት ነው?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው፣ አንዱን ይጥልና አንዱን ይጽፋል። ኮርሱ ሲጋጭ አትጣይው፣ ለምን እንደተጋጨ ፈልጊ ይልሻል። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ወንድ በአርባ። ከኅዳር 12 ሰማንያ ቀን ወደኋላ ቁጠሪ፣ የ1933 ጳጉሜ አምስት ቀን ስለነበረች ነሐሴ 27 ወይም 28 ላይ ታርፊያለሽ። አየሽው? የተወለደችው ንጉሡ በገቡበት በ1933 መጨረሻ፣ ዘመነ ማቴዎስ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ክርስትና የተነሳችው ደግሞ በ1934 ኅዳር፣ ዘመነ ማርቆስ ገብቶ። እናትሽ ሁለቱንም በትክክል ነው የያዘችው፣ ማርቆስ ያለችው የክርስትናዋን ዓመት ነው እንጂ የልደቷን አይደለም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2 ወይም 3፣ 1941 ገደማ ማለት ነው። ገደማ ያልኩት ልጅ ሲታመም ወይ ክርስትና አባት ሩቅ አገር ሲሆን ቀኑ ሊገፋ ስለሚችል ነው፣ ይሄንንም ጻፊው። ማስታወሻሽ ላይ መጨረሻ የደረስሽበትን ብቻ ሳይሆን እሷ ያለችውን ቃል በቃል፣ መቼ እንዳለችሽ፣ አንቺ እንዴት እንዳሰላሽው፣ ሁሉንም አስቀምጪ፣ ልጅሽ አንድ ቀን ሂሳቡን ሊፈትሸው ይችላል። የፓስፖርቱ ጃንዋሪ 1ም አይጣል፣ ልደቱን የማያውቅ ስንት አበሻ አሜሪካ ሲገባ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎለታል፣ ልደቷን ባያሳይም በየትኛው ስምና ቀን ወረቀት እንደሚፈለግላት ያሳያል።

ስትጠይቂያት መቼ ተወለድሽ፣ አያትሽ መቼ ሞቱ እያልሽ አትጀምሪ፣ አላውቅም ትልሻለች ይዘጋል። በነገር ጠይቂ። ማይጨው ጊዜ አባትሽ ዘምተው ነበር? የኅዳር በሽታ ማንን ወሰደ ሲባል ሰምተሻል (ይሄ 1911 ነው)? ክፉ ቀን ሲባልስ ከማን ሰማሽ (ይሄ ደግሞ ከ1880 ጀምሮ ያለው ረሃብ ነው፣ አያቷ ሊያወሩት ይችላሉ)? የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ አግብተሽ ነበር? በአንድ ጥያቄ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሬ ይወጣል። ስም ስትሰበስቢም የዓለም ስሙን ብቻ አትያዢ፣ የክርስትና ስም፣ አማት ለሙሽራ ያወጣችላት ስም፣ ለባለሥልጣንና ለጦር ሰው የፈረስ ስም፣ አንድ ሰው አራት ስም ሊኖረው ይችላል፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ሲሉ ሌላ ሰው የሚመስለው አለ እኮ። ሴቶቹን በተለይ አደራ፣ የኛ ስም አጠራር በአባት ብቻ ስለሚሄድ የእናትሽ እናት እናት ዛሬ ካልተጠየቀች ነገ የትም አትገኝም፣ ወረቀት ላይማ ጭራሽ የለችም።

ቀረጻ ላይ አንድ ነገር ከራሴ ልንገርሽ። አክስቴን ቡና እየተፈላ ቀረጽኳት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ደስ ብሎኝ ቤት ገብቼ ስከፍተው ሙቀጫ ነው የሚሰማኝ። ከዛ ወዲህ ስልኩን ከጀበናው አርቄ ከተናጋሪዋ ጎን ትራስ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ቡናውም ተቆልቶ ተወቅጦ ካለቀ በኋላ፣ ከአቦል እስከ በረካ። መጀመሪያ ደግሞ አንድ ደቂቃ ቀርጸሽ አዳምጪው። ፋይሉን በዛው ቀን ሌላ ቦታም አስቀምጪ።

የወንድምሽን ነገር አልረሳሁም። ኮርሶቹ ውስጥ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ባልደረባና ስለ ጎረቤት የሚል ዘዴ ታገኛለሽ፣ ሰውየውን ስታጪው አብሮት የነበረውን ፈልጊ ነው። ለኛ ይሄ የዕድር ደብተር፣ የማኅበር ጽዋ፣ አብሮ የተሰደደ ሰው ነው። ወንድምሽ በስደተኝነት ከገባ የኢሚግሬሽን ፋይሉ ውስጥ የወላጆችና የወንድም እህቶች ስም በወቅቱ እንደነገራቸው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፣ ፋይሉን ራሱ ወይም በሱ ፈቃድ አንቺ ከዩኤስሲአይኤስ (ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) በኦንላይን መጠየቅ ይቻላል። የስማችሁ አጻጻፍ በየወረቀቱ የተለያየ ስለሚሆን የምታገኚውን አጻጻፍ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ዘርዝሪ፣ ፀጋዬን ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት መንገድ እንደሚጽፉት ታውቂያለሽ። ላስት ኔም የሚለው ሳጥን ላይ ደግሞ ሁለታችሁንም አንድ ለማድረግ ብለሽ ስም እንዳትቀይሪ፣ እንዳለ ጻፊና ከሥሩ አስረጂ።

ክፍያን በተመለከተ፣ አሁን አትክፈዪ። ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ነጻ ነው፣ የሞርሞን ቤተክርስቲያን ነው የሚያስተዳድረው፣ ሃይማኖት አይጠይቁሽም፣ ብዙ አጫጭር ትምህርት አለው፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችንም ለሌላ ሰው አያሳይም። የስኮትላንዱ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ፊውቸርለርን በሚባል የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ያዘጋጀው የስድስት ሳምንት ኮርስ አለ፣ ማስረጃ መመዘን ላይ ጥሩ ነው፣ ሰርተፊኬቱ በክፍያ ነው፣ አንቺ ሰርተፊኬት ምን ያደርግልሻል? አንቺ ያለሽበት አካባቢ ያለው የአሜሪካ ናሽናል አርካይቭስም ስለ ኢሚግሬሽንና ዜግነት ሰነዶች ነጻ ትምህርቶች ዩቲዩብ ላይ ጭኗል። ዲኤንኤ ምርመራውን ለጊዜው አቆዪው፣ ዘመድ የሚያገናኝሽ ዘመድሽም ከተመረመረ ብቻ ነው፣ ከኛ ደግሞ የተመረመረው ትንሽ ነው። በዛ ላይ ቤት ውስጥ ያልተነገረ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ እናትሽ ሳታውቅ አይደረግም።

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ቀበና ነው ያለሁት፣ አያቴ የቢቸና ሰው ናቸው። አጎቴ እስከ አሥራ ሁለት ቤት ቆጥሮ ከአንድ ደጃዝማች ያደርሰናል፣ እኔም ኦንላይን ትሪ ላይ ሁሉንም ጫንኩት። የምወስደው ኮርስ ግን ማስረጃ የሌለውን አትጻፍ ይላል። አጎቴ ማስረጃ አይደለም እንዴ? ደግሞ የውጭ ካርድ የለኝም፣ ነጻ ነገር ብቻ ነው የምችለው።»
የቢቸናው የልጅ ልጅ

ወንድሜ፣ አጎትህ ማስረጃ ናቸው። ግን ለምን እንደተማሩት ጠይቃቸው። ጎጃም ውስጥ እስከ የካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ድረስ የትውልድ ቆጠራ ጨዋታ አልነበረም፣ መሬት ነበር። ርስት ለመካፈል የመጣ ሰው በእናቱም በአባቱም በኩል ከአቅኚው አባት መውረዱን ሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ማሳየት ነበረበት፣ ተቃዋሚው ደግሞ እዛ ጋ አንዱን ዘልለሃል ይለዋል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ቆጠራ በአንድ በኩል በጣም ይታመናል፣ ምክንያቱም የሚያውቅ ባላጋራ ፊት ተፈትኗል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሰው መሬት ወዳለበት አያት ማዘንበሉ አይቀርም። አጎትህ ስድስትና ሰባት ቤት ድረስ የሚጠሩት ሰው ከነመንደሩና ከነደብሩ ከሆነ ጠበቅ አድርገህ ያዘው፣ ከዛ በላይ ስም ብቻ ከሆነና መጨረሻው ላይ ደጃዝማች ካለ ረጋ በል። ሁሉም ሰው ከደጃዝማች ነው የሚወርደው፣ ጭሰኛ የወለደው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም! ትሪው ላይ ያለውን አታጥፋው፣ «በአጎቴ ቃል፣ በዚህ ቀን» ብለህ ምንጩን ጻፍበትና እሳቸው በማይሰሙበት ለሌላ የአያትህ ዘመድ ስለዛው ነገር ጠይቅ። ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ስታይ ሥራህ እዛ ነው።

ካርድ አያስፈልግህም፣ ከላይ ለእህታችን የነገርኳት ፋሚሊሰርች በኢሜይል ብቻ ይከፈታል። ከዛ ውጭ አንተ እሷ የሌላት ነገር አለህ፣ አዲስ አበባ ነህ። በ1936 የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር አለ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ባዶ እጅህን «ስለ አያቴ» ብለህ አትሂድ፣ የቦታ ስም፣ የደብር ስምና የአሥር ዓመት ክልል ይዘህ ሂድ። ከዛ በፊት ግን የቤቱን ሳጥን ክፈት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጡረታ ደብተር፣ የርስት ክርክር ግልባጭ ካለ እሱ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል። ሌላው ሰው የማያስበው ደግሞ የብራና ኅዳግ ነው። በድሮ መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ መሬት ማን ለማን እንደሸጠ፣ ምስክር ማን እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። ሚኔሶታ ያለው ሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት በኛ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሱ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ስብስብ አለው፣ ብዙውን ተመዝግበህ በነጻ በኦንላይን ማየት ትችላለህ። የአያትህን ደብር መጽሐፍ ታገኛለህ ብዬ ቃል አልገባም። ካገኘህ ግን እዛ ላይ የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ሊሆን ስለሚችል አጎትህን መጀመሪያ እሱን ጠይቃቸው።

«ሻሎም። ከነታንያ ነው የምጽፈው። የሰባተኛ ክፍል ልጄ የሾራሺም (የዘር ሀረግ) ሥራ ተሰጥቷታል፣ ፎርሙ የአራት ትውልድ የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ በ1983 በዘመቻ ሰለሞን ስንገባ ለኔ የአባቴ አባት ስም ተጻፈ፣ ለባለቤቴ ወንድም ሌላ። አስተማሪዋ ልጅቷ የተሳሳተች መሰላት። ኮርስ ልውሰድ ወይ?»
የልጅቷ እናት

ወይዘሮ፣ ለዚህ ኮርስ አያስፈልግዎትም፣ እርስዎ ራስዎ ኮርስ ነዎት። የፎርሙን የቤተሰብ ስም የሚለውን ሰርዘው በምትኩ ልጅቷ፣ አባቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ እያሉ በመስመር ይጻፉት፣ ከጎኑ የመንደሩን ስም ያስገቡ፣ ለአስተማሪዋም በአንድ አንቀጽ በእብራይስጥ ልጅቷ ራሷ ታስረዳ፣ በኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፣ እያንዳንዱ የአባቱን ስም ይዞ ይሄዳል፣ አሁን ያለን ስም ስንገባ የተጻፈልን ነው ትበል። ያ ስህተት ሳይሆን የሥራዋ ዋና ክፍል ነው፣ ነጥብ የሚያሰጣትም እሱ ይመስለኛል። ከዛ በላይ ለመውጣት ከፈለገች አካባቢያችሁ ያሉ ቄስ ጋ ይዘዋት ይሂዱ፣ ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ሲያጣሩ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ አንድ ስም ብትነግራቸው ሦስት ይመልሱላታል። ወደ እስራኤል ሲመጣ በሱዳን መንገድ የቀረ ዘመድ ካለም ስሙ አይዘለል፣ ከሞቱት ወደ አራት ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች አብዛኞቹ የመቃብር ድንጋይ የላቸውም፣ መታሰቢያቸው ሄርዝል ተራራ ላይ ነው። ፎርሙ ላይ ቦታ ካነሰ ከጀርባው ይጻፉት።